ሳሎን እየዘፈነ ማድቤት ለምን ዝም ይላል? የብዙ ክፍል የድምፅ ዝርጋታ፦ ችግርና መፍትሄ

በወላጆቼ ቤት ድምፅ አራት ቦታ ይደርሳል፦ ሳሎን፣ ማድቤት፣ በረንዳና ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት። እሁድ ጠዋት እናቴ ቡና ስታፈላ፣ መዝሙሩ ከሳሎን እስከ ጓሮ አብሯት እንዲሄድ ፈልጌ ነው የጀመርኩት። እዚያ ለመድረስ ወራት ፈጀብኝ። የሆነ ነገር በተበላሸ ቁጥር የምጠረጥረው ስፒከሩን ነበር፤ ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ድምፁ የሚያልፍበት መንገድ ላይ ሆኖ ተገኘ፦ ራውተሩ፣ ግድግዳው፣ ሽቦው፣ ሶኬቱ። ስለዚህ አዲስ ስፒከር ከመግዛታችሁ በፊት መንገዱን ከምንጩ ጀምራችሁ ተከተሉት።

ስልኬ አንዱን ስፒከር ያያል፣ ሌላውን አያይም

ሰው ደውሎ የሚጠይቀኝ ነገር ከሁሉም በላይ ይኸኛው ነው። እኛ አገር ዋናው ምክንያት በአንድ ቤት ሁለት ራውተር መኖሩ ነው። አንዱ ከኢንተርኔቱ ጋር የመጣው ነው። ሌላው ደግሞ «ዋይፋዩ ፎቅ አይደርስም» ተብሎ ከሱቅ የተገዛው ነው። ሁለተኛው እንዳለ ከካርቶኑ ወጥቶ ሲሰካ የራሱን ኔትወርክ ይፈጥራል። ያኔ ሳሎን ያለው ስፒከር 192.168.1 በሚል የሚጀምር አድራሻ ይይዛል፣ ስልካችሁ ደግሞ 192.168.0 በሚል። ስልኩ ስፒከር የሚፈልገው «ማን አለ?» ብሎ በመጣራት ነው፤ ጥሪው ደግሞ ከአንዱ ኔትወርክ አልፎ ወደ ሌላው አይሻገርም። ሁለት ግቢ ናቸው፣ በመካከላቸው አጥር አለ።

ለማረጋገጥ ስልኩ ላይ ዋይፋይ ሴቲንግ ገብታችሁ አይፒ አድራሻውን እዩ፤ የስፒከሩን ደግሞ በአፑ ውስጥ ታገኙታላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ከተለያዩ ጉዳዩ ይኸው ነው። መፍትሄው ሁለተኛውን ራውተር «አክሰስ ፖይንት» ወደሚባለው አሠራር መቀየር ነው። ይህ ምርጫ ከሌለው ግን በቅደም ተከተል እንዲህ አድርጉ፦ መጀመሪያ የሁለተኛውን ራውተር አድራሻ ዋናው ራውተር ለሌላ ዕቃ ወደማይሰጠው ቁጥር፣ ለምሳሌ 192.168.1.2 ቀይሩ፤ ቀጥሎ ለዕቃዎች አድራሻ የሚያድለውን ክፍል፣ ዲኤችሲፒውን አጥፉ፤ በመጨረሻ ከዋናው የሚመጣውን ኬብል «ዋን» ከሚለው ቀዳዳ ነቅላችሁ «ላን» ከሚሉት በአንዱ ሰኩ። ቅደም ተከተሉን ካዛባችሁት ሁለቱ ራውተሮች ሊጋጩና ቤቱ በሙሉ ኢንተርኔት ሊያጣ ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች አንድ ሆነውም ስፒከሩ ካልታየ፣ ስልኩ ላይ ቪፒኤን በርቶ እንደሆነ እዩ። ብዙዎቹ የቪፒኤን አፖች ስልኩን ከቤት ውስጥ ዕቃዎች ይለዩታል። አይፎን ላይ ከአይኦኤስ 14 ወዲህ እያንዳንዱ አፕ «ሎካል ኔትወርክ» የሚባል ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያኔ ሳታነቡ «አይሆንም» ብላችሁ ከሆነ ሴቲንግ ገብታችሁ ክፈቱለት። ስፒከሩ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ገብቶ ከሆነም ስልካችሁ አያገኘውም፤ የእንግዳ መስመር ዕቃዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ከአሜሪካ ለመጣ ስፒከር የተለየ ማስታወሻ አለኝ። ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩ ዕቃዎች በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ላይ በአብዛኛው የሚጠቀሙት ከቻናል 1 እስከ 11 ያለውን ብቻ ነው። ራውተራችሁ በ«አውቶ» ላይ ሆኖ ቻናል 12 ወይም 13ን ከመረጠ፣ ጎረቤት ያለ ስልክ ሁሉ የሚያየውን ዋይፋይ ያ ስፒከር ላያየው ይችላል። ከ1፣ 6 ወይም 11 አንዱን በእጃችሁ ምረጡ። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ ስለማይደራረቡ ለማንኛውም ቤት ይሻላሉ።

ከአሜሪካ ከመጣ ዕቃ ሳንወጣ፦ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ መሰኪያውን ብቻ ማስተካከል ይበቃል። 120 ብቻ ካለ ግን በእኛ 220 ቮልት ላይ መሰካት ማለት ማቃጠል ነው። አጎቴ በሻንጣው አቅፎ ያመጣው አምፕሊፋየር በዚህ መንገድ ነው የሄደው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ፣ ከሚወስደው ዋት በላይ አቅም ያለው ቮልት ቀናሽ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል።

ሁለት ክፍሎች አብረው ይዘፍናሉ፣ ግን ማሚቶ አለ

ኮሪደር ላይ ስትቆሙ አንዱ ቀድሞ ሌላው ተከትሎ ይሰማል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ብሉቱዝን ከሌላ ነገር ጋር መቀላቀል ነው። ተራ ብሉቱዝ ድምፁን ከ150 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ሊያዘገየው ይችላል፤ በሽቦ የሚሄደው ግን ወዲያው ይደርሳል። ድምፅ በአየር ላይ በ1 ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ 200 ሚሊሰከንድ ማለት ስፒከሩን 68 ሜትር አርቆ እንደማስቀመጥ ነው። ጆሮ ደግሞ ከ30 እስከ 50 ሚሊሰከንድ ካለፈ ሁለት ድምፅ አድርጎ መስማት ይጀምራል።

መፍትሄው ሁሉንም ክፍል በአንድ ቋንቋ ማናገር ነው። ኤርፕሌይ 2፣ ጎግል ካስት፣ ሶኖስ የሚባሉት ድምፅን በዋይፋይ ወደ ስፒከሮች የሚልኩ ሥርዓቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስፒከሮች ሰዓት ያቀናጃሉ፤ አንዱ ከሌላው ጋር ግን አይቀናጅም። የተለያየ ዕቃ አንድ ላይ ከመሰብሰብ አንዱን ቤተሰብ መርጦ በዚያው መጽናት ይሻላል እላለሁ። የቆዩ አምፕሊፋየሮች ያሏችሁና ኮምፒውተር መነካካት የማይከብዳችሁ ከሆነ፣ በየክፍሉ ራስበሪ ፓይ የምትባለውን ትንሽ ኮምፒውተር አድርጎ ስናፕካስት የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር መጫን ያረጁትን ዕቃዎች በሚገርም ሁኔታ ያስማማቸዋል። እኔም ሰርቪስ ቤቱን ወደ ሌሎቹ ያመጣሁት እንዲህ ነው።

ሁሉም በአንድ ሥርዓት ላይ ሆኖ አንዱ ክፍል ትንሽ ብቻ ከዘገየ፣ አፑ ውስጥ የመዘግየት ማስተካከያ ካለ ፈልጉት። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ቆማችሁ ጭብጨባ ወይም ከበሮ ያለበት ነገር ክፈቱ። ማሲንቆ ድምፁ ስለሚሳብ ልዩነቱን ይሸፍንባችኋል፤ ከበሮ ግን አይደብቅም።

ቴሌቪዥን ከዚህ ጋር ባትቀላቅሉ ይሻላል። ክፍሎቹን ለማቀናጀት ሥርዓቱ ድምፁን ትንሽ አጠራቅሞ ስለሚልክ፣ የዜና አንባቢው ከንፈር ቀድሞ ድምፁ ይከተላል።

ይቆራረጣል

መጀመሪያ ስልኩ ላይ የተጫነ ዘፈን አጫውቱ። ያ ካልተቆራረጠ ችግሩ የኢንተርኔቱ ነው፤ የቤቱ ዝርጋታ ደህና ነው። በ320 ኪሎቢት የሚመጣ ሙዚቃ በሰዓት 144 ሜጋባይት ያህል ይበላል፤ ፓኬጅ ለሚቆጥር ሰው ብዙ ነው። የምትወዱትን አስቀድሞ ማውረድ ሁለቱንም ጣጣ ያቀላል።

የተጫነው ዘፈንም ከተቆራረጠ ግድግዳውን ተመልከቱ። ብሎኬት ዋይፋይን ያዳክማል፤ ብረት ያለበት አርማታና የቆርቆሮ ግድግዳ ደግሞ ከዚያ ይብሳሉ። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ የሚያልፍበት ጉልበት ያንሰዋል፤ ስለዚህ ራቅ ያለውን ስፒከር 2.4 ላይ አድርጉት፣ ማይክሮዌቭ አጠገብ ግን አታስቀምጡት። ለሰርቪስ ቤት ሪፒተር (ዋይፋዩን ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ዕቃ) አልመክርም። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለችግር ይሄዳል፤ አንድ ቀን ቆፍሮ ቱቦ ውስጥ ማሳለፍ ለዓመታት ያሳርፋል።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስፒከሮቹ ይጠፋሉ

መብራት ሲመለስ ስፒከሩና ራውተሩ እኩል ይነሳሉ፤ አንዳንዱ ስፒከር ግን ቀድሞ ይደርስና አድራሻ የሚሰጠው ያጣል። ያኔ 169.254 በሚል የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጥና ብቻውን ይቀራል። ለጊዜው ስፒከሮቹን ነቅላችሁ፣ ራውተሩ ተነስቶ እስኪረጋጋ ሦስት ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ መልሳችሁ ሰኩ። ለዘለቄታው ለራውተሩ ትንሽ ባለባትሪ ዩፒኤስ ግዙለት። ብዙዎቹ ራውተሮች በ12 ቮልት ነው የሚሠሩት፤ አዳፕተሩ ላይ አረጋግጡ። ለየስፒከሩም በራውተሩ ውስጥ ቋሚ አድራሻ ያዙለት።

በሽቦ ለዘረጋችሁ

አምፑ ድምፅ ሲጨመር ከጠፋ ወይም ከጋለ፣ ብዙ ስፒከር በአንድ መውጫ ላይ ተጭኖበታል። ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን ነው፤ ባነሰ ቁጥር አምፑ ላይ ጭነቱ ይበዛል። ባለ 8 ኦም ሁለት ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩ 4 ኦም ይሆናሉ፤ አራት ሲሆኑ 2። አብዛኛው የቤት አምፕ 2ን አይችልም። አራቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ ሁለት ሁለቱን በተከታታይ አስራችሁ ጥንዶቹን ጎን ለጎን ብታገናኙ ተመልሶ 8 ኦም ይሆናል።

ሽቦውን አታሳንሱ። ለ8 ኦም ስፒከር 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ እስከ 8 ሜትር፣ 1.5 እስከ 17፣ 2.5 እስከ 28 ሜትር ያህል ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ድምፁ ይደክማል።

ድምፁ ቀጭን ሆኖ ቤዙ ከጠፋ፣ ከጥንዱ በአንዱ ላይ ፖዘቲቭና ነጌቲቩ ተገላብጧል። ሽቦውን ከአምፑ ንቀሉና በ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ንኩት። የባትሪው ፖዘቲቭ የስፒከሩን ፖዘቲቭ ሲነካ የስፒከሩ ወረቀት (የሚርገበገበው ፊቱ) ወደ ውጭ መግፋት አለበት። ወደ ውስጥ ከገባ ሽቦው የሆነ ቦታ ተገልብጧል፤ አዙሩት።

የማያቋርጥ «እምምም» የሚል ድምፅ ካለ፣ ከ50 ኸርዙ መብራት የመጣ ነው። ከምንጩ ወደ አምፑ የሚገባውን ገመድ ንቀሉ። ድምፁ ከጠፋ ሁለቱ ዕቃዎች በተለያየ ሶኬት ስለተሰኩ ሊሆን ይችላልና ሁለቱንም በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። እንደዚያም ከቀጠለ በመካከል የድምፅ ማግለያ ትራንስፎርመር አስገቡ። የመሬት መስመሩን ቆርጦ ድምፁን ማጥፋት ይቻላል የሚል ምክር ከሰማችሁ ግን አትቀበሉ፤ አምፑ ውስጥ ሽቦ የላላ ቀን የብረት ሳጥኑን የነካ ልጅ የሚድነው በዚያ መስመር ነው።