ቱና የት እንዳለ ከሙቀት ካርታ ማንበብ

ቱሉ ዲምቱ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስለ ውቅያኖስ ሙቀት ሳስተምር ከሱቅ አንድ ጣሳ ቱና ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ፤ ባሕር አይቶ ለማያውቅ ተማሪ ከመጽሐፉ ሥዕል ይሻላል። ልትሞክሩት ካሰባችሁ አካሄዱ ይኸው።

ጣሳው ላይ የዓሣውን ዓይነት አስነብቡ። ብዙ ጊዜ ስኪፕጃክ ነው፤ ትንሹ፣ ሙቅ ውሃ ወዳዱ፣ ከላይ ከላይ የሚዋኘው። ረቡዕና ዓርብ ግን አትክፈቱት፤ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ክፍለ ጊዜውን ይጨርሰዋል።

ቀጥሎ ኖኣ የሚባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት በነፃ የሚያወጣውን የባሕር ገጽ ሙቀት ካርታ አውርዱ። ስታሳትሙት በከለር ይሁን። በጥቁርና ነጭ ከወጣ ደማቁ ቀይና ደማቁ ሰማያዊ አይለዩም፣ ትምህርቱም አበቃለት።

ተማሪ መጀመሪያ ጣቱን የሚያሳርፈው በጣም የቀላው ቦታ ላይ ነው። «ሙቅ ከወደደ እዚያ ነዋ!» ይላችኋል። ሙቀት ብቻውን አያጠግብም፤ ቱና የሚበላ ይፈልጋል። ስለዚህ ቀለሙ በአጭር ርቀት የሚቀየርበትን ድንበር ያስምሩ። ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ ሲገናኝ ትናንሽ ዓሦች እዚያ ይሰበሰባሉ፣ ቱናም ይከተላቸዋል። የሶማሊያን ዳርቻ በሐምሌ ተመልከቱ፦ የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ የላይኛውን ውሃ ከዳር ይገፋዋል፣ ከሥር ቀዝቃዛና ለም ውሃ ይወጣል። ከነሐሴ እስከ ኅዳር የቱና መርከቦች ወደዚያ አቅጣጫ ያመራሉ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሞዛምቢክ ሰርጥ ናቸው።

ካርታው የማያሳየውን ጥልቀት ሰሌዳ ላይ ሣሉት። ሙቁ ውሃ እንደ ነጠላ ከሳሳ፣ ታች ያለው ቅዝቃዜ ስለማይመቸው ዓሣው ወደ ላይ ይጠጋል፣ መረብም ይደርስበታል። እንደ ጋቢ ከወፈረ ወደ ታች ይበተናል። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻና በ1998 መጀመሪያ ምዕራባዊው ሕንድ ውቅያኖስ ከልክ በላይ ሞቆ ይኸው ሽፋን ወፈረ፤ በሲሼልስ ዙሪያ ይሠሩ ከነበሩት መርከቦች ብዙዎቹ ወደ ምሥራቅ ሄዱ። በእኛ 1990 ጥቅምትና ኅዳር ሶማሊያንና ደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያን ያጥለቀለቀው ጎርፍም ከዚያው ሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ስነግራቸው ከኋላ ወንበር የሚያወሩትም ዝም ይላሉ።

ለቤት ሥራ የጥርና የሐምሌ ካርታ ስጧቸው፤ በሶማሊያ ዳርቻ ድንበሩ የቱ ላይ እንደሚታይና የቱ ላይ እንደሚጠፋ በእርሳስ ያሳዩ። ቢግአይ የሚባለውን ቱና ግን በዚህ ዘዴ አይፈልጉት፤ ቀን ቀን አብዛኛውን ጊዜ ጥልቅ ወርዶ ስለሚውል የገጽ ካርታ አያገኘውም።