አዲስ የፍልስፍና መጽሐፍ በነጻ፣ ቀኑ ሳያልፍ

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢም ሆናችሁ ከግቢ ውጭ ፍልስፍና የምታነቡ፣ አዲስ የወጣ መጽሐፍ በዶላር መግዛት አይቀመስም። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ «ኤለመንትስ» የሚላቸው አጫጭር መጻሕፍት ግን እንደወጡ አብዛኛውን ጊዜ ለ2 ሳምንት በነጻ ይወርዳሉ። ድረ ገጹ ላይ ዘርፋችሁን መርጣችሁ ለኢሜይል ማሳወቂያ ተመዝገቡ፤ ሲደርሳችሁ ዛሬ ነገ ሳትሉ አውርዱ። የምታወርዱት ፒዲኤፉን ይሁን። ድረ ገጹ ላይ የሚነበበው የገጽ ቁጥር ስለማያሳይ መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ስትጠቅሱ ያስቸግራል (ፒዲኤፉ ጣና ዳር ኔትወርክ ቢጠፋም ይነበባል)።

የኤለመንትስ መጻሕፍት ርዝመት ከ20,000 እስከ 30,000 ቃላት ገደማ ነው፤ ለመግቢያ እንጂ ለጥልቅ ክርክር አይበቁም። ለዚያ ረዘም ያለ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት የፍልስፍና መጻሕፍትን የሚገመግመው «ኖትርዳም ፊሎሶፊካል ሪቪውስ» ድረ ገጽ ላይ ግምገማውን በነጻ አንብቡ።