«ደህና ነኝ» ሲል አትመኑት

በደብረ ብርሃን ኳስ ሜዳዎች ወጌሻ ሆኜ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። የተሰበረ እግር አያስደነግጠኝም። የሚያስደነግጠኝ ጭንቅላቱን ተመትቶ ፈገግ እያለ የሚነሳው ልጅ ነው።

«ራሱን አልሳተም፣ ምንም አልሆነም» የሚሉ አሉ። አብዛኛው የአንጎል መናወጥ የሚደርሰው ራስን ሳያስት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ውሃ አፍስሶ ወደ ሜዳ መመለስ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ተከላካይ ግንባር ለግንባር ተጋጭቶ ወደቀ። አናቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰስኩበት፤ «ጋሼ፣ ደህና ነኝ» አለኝ፤ አስገባሁት። ጥቂት ቆይቶ ስንት ለስንት እንደሆንን ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ከዚያ የጫማውን ክር በሁለት እጁ ይዞ አስተሳሰሩ ጠፍቶት ቆመ። እስከዛሬ ያ ክር ከዓይኔ አይጠፋም። አንጎል ሲናወጥ ከነርቭ ሴሎች ፖታሲየም ይወጣል፣ ካልሲየም ይገባል። ሴሉ ሚዛኑን ለመመለስ ብዙ ስኳር ሲፈልግ የደም ዝውውሩ በአንጻሩ ይቀንሳል። ይህ ጉድለት ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያል። በዚህ መሃል የሚጨመር ምት ጉዳቱን ያባብሳል፤ አልፎ አልፎም የወጣቱን አንጎል በድንገት አሳብጦ ይገድላል። በዕለቱ ማንም አይመለስ፤ ዋንጫም ቢሆን!

«ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው» ብሎ መዝናናትም ሌላው ስህተት ነው። ሲቲ ስካን የደም መፍሰስንና ስብራትን እንጂ የተጎዱ ቀጫጭን የነርቭ ክሮችን አያሳይም። ናይጄሪያዊው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹን የማይክ ዌብስተርን አስከሬን ሲመረምር አንጎሉ ለዓይን ጤነኛ ይመስል ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ታው የተባለው ፕሮቲን ተከማችቶበት ተገኘ። ታው በጤናው ጊዜ የነርቭ ክሮችን ውስጣዊ ድጋፍ ያጸናል። ምት ሲደጋገም ከቦታው ተላቅቆ በአንጎል እጥፋቶች ሥር፣ በጥቃቅን የደም ሥሮች ዙሪያ ይቋጠራል። የተመታ ሁሉ እዚህ አይደርስም። የደረሰበት ግን ከዓመታት በኋላ መርሳት፣ ቁጡነትና ድብርት ሊከተለው ይችላል፤ ሕመሙም በእርግጠኝነት የሚረጋገጠው ከሞት በኋላ ነው።

የኳስ ሜዳውን ምት ብቻ አትቁጠሩ። በገና ጨዋታ በዱላ የተመታ፣ ከጉግስ ፈረስ የወደቀ ልጅም ያው አንጎል ነው ያለው። እኔ የእያንዳንዱን ምት ቀን በደብተር እጽፋለሁ።

ልጁን ጨለማ ክፍል ውስጥ ለሳምንታት መዝጋትም አያስፈልግም። አንድ ሁለት ቀን ይረፍ፣ ከዚያ በእግር ጉዞ ይጀምር፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት ይቀንስ። ደጋግሞ ካስታወከ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ ወይም አልነቃ ካለ ግን የጨዋታውን ማብቂያ ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።