የአንጎል ክፍሎችን መጠን በቡድኖች መካከል ስናወዳድር ዕድሜን፣ ጾታንና የራስ ቅልን እንዴት እናስላ?

የአልዛይመር ታማሚዎችንና የጤነኞችን ሂፖካምፐስ በኤምአርአይ ለክተን የታማሚዎቹ አነሰ እንበል። ሂፖካምፐስ ለትውስታ የሚያስፈልግ የአንጎል ክፍል ነው፤ በዚህ በሽታም ቀድመው ከሚመነምኑት አንዱ ነው። ግን ታማሚዎቹ በዕድሜ የሚበልጡ ቢሆኑስ? ሴቶች ቢበዙባቸውስ? አንጎል ሰው ሲያረጅ ይመነምናል፤ የወንዶች ራስ ቅልም በአማካይ ከሴቶች 10 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ስለዚህ ያየነው ልዩነት ከበሽታው ይሁን ከነዚህ ተጓዳኝ ተለዋዋጮች (ኮቫሪየት) መለየት አለብን።

1. ውጤቱን ከማየት በፊት ተለዋዋጮቹን ይምረጡ። ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ያንሱ፦ በሽታው ራሱ ይለውጠዋል ወይ? ዕድሜን፣ ጾታንና የተነሳበትን ስካነር በሽታው አይለውጣቸውም። የራስ ቅል ውስጣዊ ይዘትም ሰው ካደገ በኋላ አንጎሉ ቢመነምንም እንዳለ ይቆያል። እነዚህ ይግቡ። የአንጎል ጠቅላላ መጠን ግን በበሽታው ይቀንሳል፤ እሱን ካስገባን የምንፈልገውን ልዩነት ራሱን ቀንሰን እንጥለዋለን። የትውስታ ፈተና ውጤትም እንደዚያው ነው፤ የበሽታው ምልክት እንጂ ተጓዳኝ አይደለም። ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

2. የራስ ቅል ይዘቱን ያረጋግጡ። ፍሪሰርፈር የተባለው የአንጎል ክፍሎችን ከምስል የሚለካ ፕሮግራም ይህን ቁጥር የሚገምተው ምስሉን ከመደበኛ አንጎል ጋር አስተካክሎ በመግጠም ነው። ግጥሙ ከተዛባ ቁጥሩም ይዛባል፤ ፕሮግራሙ ግን ሥራውን ጨርሶ ስለሚወጣ ስህተቱ አይታወቅም። የራስ ቅል ይዘትን ከጠቅላላ የአንጎል መጠን ጋር በነጥብ ግራፍ ይሳሉ። ከሌሎቹ ርቆ የወጣ ነጥብ ካለ የዚያን ሰው ምስል ከፍተው ይዩ።

3. ማካፈል ይቅር። ሂፖካምፐስን ለራስ ቅል ይዘት አካፍሎ በመቶኛ መግለጽ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው ይመርጠዋል። ችግሩ ራስ ቅል በሰፋ ቁጥር ሂፖካምፐስ በዚያው ልክ አለማደጉ ነው። ለምሳሌ የአንዱ ሰው ራስ ቅል 1600 ሚሊ ሊትር፣ ሂፖካምፐሱ 4000 ሚሊ ሜትር ኪዩብ ይሁን፤ የሌላው 1400 እና 3700። በጤነኞቹ መረጃ መሠረት ራስ ቅል በ1 ሚሊ ሊትር ሲሰፋ ሂፖካምፐስ በ1.5 ሚሊ ሜትር ኪዩብ ያድጋል፣ የራስ ቅል አማካይም 1500 ነው እንበል። ከመጀመሪያው 100 × 1.5 = 150 ስንቀንስ 3850 ይቀራል፤ ለሁለተኛው 150 ስንጨምርለት እሱም 3850 ይሆናል። የ300 ልዩነቱ ሁሉ የራስ ስፋት ነበር ማለት ነው። ብናካፍል ግን የመጀመሪያው 0.25፣ የሁለተኛው 0.264 በመቶ ይሆናል፤ ባለ ትልቅ ራሱ ሰው የመነመነበት ይመስላል።

4. ሁሉንም በአንድ ሞዴል ያስገቡ። በአር ወይም በሌላ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም፦ ሂፖካምፐስ = ቡድን + ዕድሜ + ጾታ + የራስ ቅል ይዘት + ስካነር። ስካነሮቹ 1፣ 2፣ 3 ተብለው ከተመዘገቡ እንደ ምድብ መነበባቸውን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ ሞዴሉ 3ኛውን ስካነር የ1ኛው ሦስት እጥፍ አድርጎ ይወስደዋል። መጀመሪያ ዕድሜንና ራስ ቅልን ቀንሶ በቀረው ላይ ቲ ቴስት (የሁለት ቡድኖችን አማካይ ብቻ የሚያወዳድር ፈተና) መሥራትም የተለመደ ስህተት ነው፤ ቡድኖቹ በዕድሜ ሲለያዩ የበሽታው ድርሻ ከዕድሜው ጋር አብሮ ይቀነሳል። የግድ አስቀድሞ ማስተካከል ካስፈለገ ማስተካከያው ቁጥር ከጤነኞቹ ብቻ ይሰላ።

5. የዕድሜው መስመር (መጠኑ ከዕድሜ ጋር የሚቀንስበት ፍጥነት) በሁለቱም ቡድን አንድ መሆኑን ይፈትሹ። የቡድንና የዕድሜ ብዜትን ወደ ሞዴሉ ይጨምሩ። ከዚያ በፊት ከእያንዳንዱ ሰው ዕድሜ ላይ አማካዩን ይቀንሱ፤ አለበለዚያ የቡድኑ ቁጥር በ0 ዓመት ላይ ያለውን ልዩነት ይነግረናል፣ ይህም ለማንም አይጠቅምም። ታማሚዎቹ ከዕድሜ ጋር በፍጥነት የሚመነምኑ ከሆነ ልዩነቱን በአንድ ቁጥር መግለጽ አይቻልም፤ በ65 እና በ75 ዓመት ስንት እንደሆነ ለየብቻ ይጻፍ።

6. ሞዴል የማያድነውን ይወቁ። ታማሚዎቹ ሁሉ ከ75 በላይ፣ ጤነኞቹ ሁሉ ከ60 በታች ከሆኑ የትኛውም ስሌት ዕድሜን ከበሽታ አይለይም፤ ሞዴሉ መረጃ በሌለበት ቦታ መስመር እየቀጠለ ይገምታል እንጂ። አንዱ ቡድን በአንድ ስካነር፣ ሌላው በሌላ ከተነሳም ያው ነው። መፍትሔው ተሳታፊ ሲመለመል በዕድሜና በጾታ ማቀራረብ፣ ሁለቱንም ቡድን በየስካነሩ ማንሳት ነው።

የአንጎል ቅርፊት ውፍረት ከራስ ስፋት ጋር ያለው ዝምድና ደካማ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ በራስ ቅል ይዘት አይስተካከልም፤ ዕድሜና ጾታ ግን እዚያም ይገባሉ።

ውጤቱ ሲጻፍ ያልተስተካከለው አማካይ፣ የተስተካከለው ልዩነት በሚሊ ሜትር ኪዩብ ከ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰኑ ጋር፣ እንዲሁም የገቡት ተለዋዋጮች በሙሉ ይዘርዘሩ። ሳይስተካከል የሌለ ልዩነት ተስተካክሎ ብቻ ከታየ የትኛው ተለዋዋጭ እንዳመጣው አንድ በአንድ እያወጡ ይፈትሹና እሱንም ይጻፉ።