የፕሮባቢሊቲ ጥያቄ ኦንላይን ስታጠኑ መልሳችሁን እምቢ ሲላችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ፎርሙላው ልክ ነው፣ መልሱ ግን ቀይ ይበራል

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ፎርሙላው ላይ ሳይሆን ቆጠራው ላይ ነው። ሁለት ዳይስ ተወርውሮ ድምሩ 7 የመሆን እድሉ ስንት ነው ሲባል፣ ድምሩ ከ2 እስከ 12 ስለሆነ 11 አማራጭ አለ፣ ስለዚህ 1/11 የሚል ሰው ብዙ ነው። ግን እነዚህ 11 ድምሮች እኩል እድል የላቸውም እኮ፣ 2 የሚመጣው 1 እና 1 ሲወጣ ብቻ ነው፣ 7 ግን በ6 መንገድ ይመጣል።

መፍትሄው አንዱን ዳይስ ቀይ ሌላውን ሰማያዊ አድርጋችሁ አስቡና 6 በ6 ሰንጠረዥ ስሩ፣ 36 ሳጥን ይወጣል፣ ድምራቸው 7 የሚሆኑት 6 ናቸው፣ 6/36 ማለት 1/6። ደግሞ አትፈሩ፣ ዳላምበር የሚባለው የፈረንሳይ የሂሳብ ሊቅ ራሱ በ1754 እንደ ፈረንጆቹ፣ ሳንቲም ሁለቴ ተወርውሮ ቢያንስ አንዴ ዘውድ የመምጣት እድሉ 2/3 ነው ብሎ ጽፏል፤ ትክክሉ 3/4 ነው። እሱም እኩል እድል የሌላቸውን ነገሮች እኩል ቆጥሮ ነው የሳተው።

ችግር፦ "ቢያንስ አንድ" የሚል ጥያቄ ላይ መልሳችሁ ሁሌ ከትክክሉ ይበልጣል

በሁለት ዳይስ ቢያንስ አንድ 6 ለማግኘት 1/6 ሲደመር 1/6 ብላችሁ 12/36 አገኛችሁ አይደል? 6 እና 6 የወጣበትን ሁለቴ ቆጥራችሁታል። ምንም 6 የማይወጣበትን አስሉ፣ 25/36 ነው፣ ከ1 ቀንሱት፣ 11/36።

ችግር፦ የከረጢቱ ጥያቄ

5 ቀይ 3 ሰማያዊ ኳስ፣ ሁለት ይወጣል፣ ሁለቱም ቀይ የመሆን እድል። 25/64 ካላችሁ የመጀመሪያውን ኳስ መልሳችሁታል። "ሳይመለስ" ከተባለ 5/8 ሲባዛ በ4/7 ነው፣ 5/14።

ችግር፦ ጠየቅኩ፣ የሚረባ መልስ ግን አላገኘሁም

ግማሹ የተቆረጠ ፎቶ ለጥፎ "ስሩልኝ" የሚል ሰው መልሱን ብቻ ቢሰጡት አይገርምም። ጥያቄውን ቃል በቃል ጻፉ፣ "ሳይመለስ" የምትለዋ አንድ ቃል ከቀረች ረጂው ሌላ ጥያቄ ነው የሚሰራላችሁ። ከዛ የራሳችሁን ቆጠራ አስገቡ፦ "36 አልኩ፣ ከዛ 12 ቆጠርኩ፣ መልሱ 11 ይላል፣ አንዷ የት ሄደች?" እንዲህ ከሆነ መልሱ በአንድ መስመር ይመጣል። ኤአይ ከጠየቃችሁም ውጤቶቹን በሙሉ ዘርዝርልኝ በሉትና ራሳችሁ ቁጠሩ፣ የሁሉም እድል ተደምሮ 1 ካልመጣ አንዱ ቦታ ስህተት አለ።

ሁሉም ልክ ሆኖ ሲስተሙ አልቀበልም ካለ ደግሞ አጻጻፉን እዩ፣ ክፍልፋይ እየጠበቀ 0.36 ጽፋችሁለት ይሆናል።