አዲስ የአናጺ ጉንዳን ዝርያ ሲገለጽ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከሁሉም የሚብሰው በአንዲት ሠራተኛ ጉንዳን ላይ ብቻ ተመሥርቶ አዲስ ዝርያ ማወጅ ነው። ካምፖኖተስ የተባለው የአናጺ ጉንዳኖች ጂነስ (የሚቀራረቡ ዝርያዎችን የሚያቅፍ ምድብ) ከ1,000 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ በአንድ ጎጆ የተወለዱ እህትማማቾች እንኳ መልካቸው ይለያያል። የትንሿ ሠራተኛ ጭንቅላት ጠበብና ረዘም ይላል፤ ስኬፕ የሚባለው የአንቴናዋ የመጀመሪያ አንጓም ከጭንቅላቷ የኋላ ጠርዝ በብዙ ያልፋል። የትልቋ ጭንቅላት ግን ወደ ኋላ ይሰፋል፤ ስኬፗም ጠርዙን እምብዛም አያልፍም። ሁለቱን ነጥሎ ያየ ሰው ሁለት ዝርያ ቢላቸው አይገርምም። መካከለኞቹን አብሮ ሲደረድር ግን ልዩነቱ ደረጃ በደረጃ እንደሚያድግ ያያል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሩቅ አገር በተላከ አንድ ሁለት ናሙና ስም ሲወጣ የተፈጠረውን ውዝግብ ዛሬም እያጠራን ነው። ዴንማርካዊው የነፍሳት ተመራማሪ ፋብሪሲየስ እ.ኤ.አ. በ1782 በሰየመው ካምፖኖተስ ማኩላተስ ላይ ምን ያህል ንዑስ ዝርያ ተለጥፎ እንደነበር ማየት ይበቃል።

በዝናብ ደን ውስጥ ችግሩ ይከፋል። ዛፍ ላይ መርዝ ተነፍቶ ከሥሩ በተዘረጋ ሸራ ላይ የወረዱ ጉንዳኖች የአንድ ጎጆ ናቸው ማለት አይቻልም፤ በፔሩ ታምቦፓታ ከአንድ ዛፍ ብቻ 43 የጉንዳን ዝርያ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1987 ታትሟል። ስለዚህ ጎጆውን ፈልጉ። የደረቀ ቅርንጫፍ በመጋዝ ቁረጡ፣ የበሰበሰ ግንድ ፍለጡ። ከትንሽ፣ ከመካከለኛና ከትልቅ ሠራተኞች ቢያንስ አሥር አሥር ውሰዱ፤ ንግሥት፣ ወንዶችና ፑፓዎች (ከእጭ ወደ ጉንዳን በመለወጥ ላይ ያሉት) ካሉም አትተዉ። የአንድ ጎጆ ጉንዳኖች በአንድ ብልቃጥ፣ በአንድ ኮድ፣ በ95 በመቶ ኤታኖል ይቀመጡ። ከዚያ የጭንቅላት ስፋትና የስኬፕ ርዝመት ለክታችሁ የየጎጆውን ነጥቦች በአንድ ግራፍ ላይ አስቀምጡ። በእኩል የጭንቅላት ስፋት የሁለቱ ጎጆዎች ስኬፕ ርዝመት ሳይደራረብ ከተለያየ ያኔ መነጋገር ይቻላል። የአንዱን ትንሽ ሠራተኛ ከሌላው ትልቅ ጋር በኢንዴክስ (በሁለቱ ልኬቶች ጥምርታ) ማወዳደር ግን ከንቱ ነው፤ አካል ሲገዝፍ ጭንቅላት ከስኬፕ ይልቅ ፈጥኖ ይሰፋልና።

ጂነሱን ሳያረጋግጡ መጀመርም የተለመደ ነው። ኮሎቦፕሲስ እስከ እ.ኤ.አ. 2016 የካምፖኖተስ ክፍል ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ አሁን ራሱን የቻለ ጂነስ ነው። ትልቋ ሠራተኛ የጎጆውን በር የምትደፍንበት ፊት ለፊቱ የተቆረጠ ጭንቅላት ካላት፣ መካከለኛ ሠራተኞች ከጠፉና ፑፓዎቹ ያለ ድር ሽፋን ራቁታቸውን ከተገኙ ወደዚያ ተመልከቱ። ፑፓ አትተዉ ያልነው ለዚህ ነው። ጂነሱ ሲለወጥ የስሙ መጨረሻም ሊለወጥ ይችላል፦ ካምፖኖተስ ሲሊንድሪከስ ዛሬ ኮሎቦፕሲስ ሲሊንድሪካ ነው።

በቀለም አትመኩ። አዲስ የወጣች ጉንዳን ፈዛዛ ናት። የቆሙ ጸጉሮችን መቁጠር ይጠቅማል፤ ነገር ግን በዕድሜና በአያያዝ ይረግፋሉ፤ የረገፈ ጸጉር የተተከለበትን ቀዳዳ ሳታዩ «ጸጉር የለውም» ብላችሁ አትጻፉ።

ስትለኩ ጭንቅላቱ ትንሽ ካዘነበለ ርዝመቱ ያጥራል። የክሊፒየስ (ከአፍ በላይ ያለው የፊት ሰሌዳ) የፊት ጠርዝና የጭንቅላቱ የኋላ ጠርዝ በማይክሮስኮፑ ውስጥ እኩል ጥርት ብለው መታየት አለባቸው። ስፋቱ ዓይንን ይጨምር አይጨምር በጽሑፉ ግለጹ፤ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ስለጠፋ ብቻ ለንጽጽር የማይሆን ሰንጠረዥ ብዙ ነው።

ናሙናውን በሦስት ማዕዘን ካርድ ጫፍ ላይ ስታጣብቁ ሙጫው ከመካከለኛና ከኋላ እግሮች ሥር ብቻ ይሁን። ወገቡን የሸፈነ ሙጫ ዋናውን መለያ ይሸፍናል።

ከከፋ፣ ከሸካ ወይም ከሐረና ደን ለሚሰበስቡ ደግሞ አንድ የራሳችን ወጥመድ አለ፦ ቀኑ። በእኛ አቆጣጠር «2010» ተብሎ የተጻፈን መለያ ወረቀት የውጭ አገር ተመራማሪ እንደ አውሮፓ ያነበዋል፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሳሳታል። በአውሮፓ አቆጣጠር ጻፉ፤ ወሩንም ከቀኑ እንዳይምታታ በሮማ ቁጥር አስፍሩ። ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ ከፍታ፣ ጎጆው የተገኘበት ዛፍና ቁመቱ አይጎድሉ። ስለ ጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀም የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 482/1998ም ናሙና ከአገር ሳይወጣ አንብቡ።

በዲኤንኤ ልዩነት ብቻ ዝርያ አይወሰንም። ሲኦአይ ከተባለው የማይቶኮንድሪያ ጂን የተለመደው 658 ቤዝ ቅንጣቢ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ወደ ሴሉ ኒውክለስ የገባ የጂኑ ግልባጭ ተነቦ ሐሰተኛ ልዩነት ሊያሳይ ይችላል። እግር መንቀል ካስፈለገ ከፓራታይፕ (በገለጻው ከተጠቀሱት ተጨማሪ ናሙናዎች) እንጂ ከሆሎታይፕ (የዝርያው ስም ከተመሠረተበት አንድ ናሙና) አይሁን።

በመጨረሻ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1999 በኋላ የሚወጣ ስም አዲስ መሆኑ በግልጽ መነገር አለበት፤ ሆሎታይፑ ተለይቶ የሚቀመጥበት ስብስብም መጠቀስ አለበት። ጽሑፉ በኤሌክትሮኒክ ብቻ የሚወጣ ከሆነ በዞባንክ (የእንስሳት ስሞች የኢንተርኔት መዝገብ) ተመዝግቦ የምዝገባው ማስረጃ በጽሑፉ ውስጥ ይታያል። «ቡናማ፣ ባለ ጸጉር» የሚል መግለጫ አይበቃም፤ ከቅርብ ዘመዶቹ በምን እንደሚለይ በቃላት ይጻፍ። ስሙንም በአንትካት (የጉንዳን ስሞች የኢንተርኔት ካታሎግ) ላይ ፈትሹ። በመጀመሪያ በካምፖኖተስ ሥር የወጣ ስም፣ ዝርያው ዛሬ ወደ ሌላ ጂነስ የተዛወረ ቢሆንም፣ እንደተያዘ ነው፤ ለአዲሱ ጉንዳናችሁ ሌላ ስም ፈልጉ።