የባንድ ሶው ሰጋቱራ አልሳብ ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ባንድ ሶው (ቀለበት ምላጩ በላይና በታች መዘውሮች ላይ የሚዞር መቁረጫ ማሽን) ላይ ምላጩ ከላይ ወደ ታች ስለሚሄድ ሰጋቱራው በጥርሶቹ መሀል ታጭቆ ከጠረጴዛው ስር ይወጣል። እዚያው ታችኛው ጋይድ (ምላጩን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው መሪ) አጠገብ ካልተያዘ ታችኛው መዘውር ላይ ይደርሳል። መዘውሩም ገሚሱን እሱን በሸፈነው ሳጥን ውስጥ ይበትነዋል፣ ገሚሱን በምላጩና በራሱ ጎማ ላይ ለጥፎ ወደ ላይ ይመልሰዋል። የብዙ ማሽኖች የመምጠጫ አፍ ግን ያለው ሳጥኑ ግርጌ ነው፤ ሰጋቱራው እዚያ የሚደርሰው ከተበተነ በኋላ ነው። ስለዚህ ጉልበተኛ መምጠጫ ከመግዛት በፊት የሚመጥጥበትን ቦታ ማስተካከል ይቀድማል።

መጀመሪያ ይህን ይሞክሩ። የማሽኑን ሶኬት ይንቀሉ፣ መምጠጫውን ብቻ ያስነሱ። 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የሶፍት ቁራጭ ጫፉን አጥብቀው ይዘው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የምላጭ ቀዳዳ ያስጠጉት፤ ቀጥሎ ታችኛው ጋይድ አጠገብ፣ ከዚያም በሳጥኑ በር ጠርዝ ዙሪያ ያዙሩት። ሶፍቱ በሩ ላይ በኃይል ተስቦ ምላጩ አጠገብ ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ አየሩ የሚገባው በማያስፈልግበት በኩል ነው ማለት ነው።

ታችኛው ሳጥን ውስጥ ሰጋቱራ ይከመራል

በብዛት የሚታየው ችግር ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛው ከላይ የተባለው የቦታ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የአየር መጠን ነው፦ 100 ሚሊ ሜትር ቱቦ ከ63 ሚሊ ሜትሩ 2.5 እጥፍ የሚሆን የአፍ ስፋት አለው። ትልቁን ቱቦ በመቀነሻ አጥብቦ ትንሽ አፍ ላይ መግጠም የትልቁን መምጠጫ ጥቅም ያጠፋዋል። ትልቁ አቧራ መምጠጫ ብዙ አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ በጠባብ ቀዳዳ የመሳብ ጉልበት የለውም። ቫኪዩም ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ አየሩ ትንሽ ቢሆንም በጠባብ አፍ አጥብቆ ይስባል።

መፍትሄው ከጠረጴዛው ስር ሁለተኛ አፍ መሥራት ነው። ከ6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ወይም ከፕላስቲክ ትንሽ ሳጥን ይሥሩና አፉን ከታችኛው ጋይድ በታች፣ ከምላጩ ጎን በ1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያድርጉት። ላሜራ አይጠቀሙ፤ ምላጩ ድንገት ቢነካው ጥርሱ ይበላሻል። የ63 ሚሊ ሜትሩን ቱቦ በፋሸታ ያጥብቁት። ሳጥኑን በብሎን ከማሰር ይልቅ በጠንካራ ማግኔት የማሽኑ አካል ላይ ማጣበቅ ይሻላል፤ ምላጭ በቀየሩ ቁጥር መፍታት ግድ ነውና።

ቀጥሎ ምላጩ ወደ ታችኛው ሳጥን የሚገባበትን ሰፊ ቀዳዳ በኮምፔንሳቶ ይዝጉት፤ በምላጩ በግራና በቀኝ፣ በፊትና በኋላ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ብቻ ይተዉ። ይህች ትንሽ ቁራጭ ከምትገምቱት በላይ ትሠራለች፤ ሰጋቱራውን ከምላጩ ላይ ጠርጋ አዲሱ አፍ ፊት ታስቀረዋለች። ሲጨርሱ ጠረጴዛውን እስከ 45 ዲግሪ አዘንብለው ትንሹ ሳጥን እንደማይነካ ይዩ። ሶኬቱን ከመሰካትዎ በፊትም መዘውሩን በእጅ ሁለት ዙር ያዙሩት።

ያለዎት ቫኪዩም ብቻ ከሆነ ሁሉንም ጉልበቱን ለላይኛው፣ ማለትም ከጠረጴዛው ስር ለሠሩት አፍ ይስጡ። ለሁለት ከከፈሉት ሁለቱም ጋ አይበቃም። ትልቅ መምጠጫም ካለ እሱን ከታች፣ ቫኪዩሙን ከላይ ይግጠሙ።

ክፍተቱን ሁሉ በስፖንጅ ከደፈኑ በኋላ ባሰበት

የሚወጣው አየር መግቢያ ካጣ መውጣቱም ይቀራል። 100 ሚሊ ሜትር ቱቦ 78 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል አፍ አለው፤ 6 ሚሊ ሜትር በ8 ሴንቲ ሜትር የሆነ የምላጭ ቀዳዳ ግን 5 ካሬ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሌላው ሁሉ ከተደፈነ መምጠጫው ይጮሃል እንጂ አይሠራም። ስፖንጁን ከመምጠጫው አፍ አጠገብ ካለው ጠርዝ ላይ ይተዉትና በተቃራኒው ወገን ያለውን ይንቀሉት። አየሩ ሳጥኑን አቋርጦ መዘውሩን እየጠረገ ይሄዳል። በሩን መብሳት አያስፈልግም፤ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ መዘውር ፊት መክፈት አደጋ ነው።

ሰጋቱራው ጠረጴዛው ላይ ይቀራል፣ ወይም ከላይ ይረግፋል

ከላይ የሚረግፈው ከታች አምልጦ የዞረ ነው። ታችኛው መዘውር ላይ ብሩሽ መኖሩን፣ ካለም ጸጉሩ ጎማውን መንካቱን ይዩ፤ ብዙውን ጊዜ አልቆ ነው የሚገኘው። ጠረጴዛው ላይ የሚቀረው ደግሞ የምላጩ ዙሪያ ሳህን (ጠረጴዛው ላይ ምላጩ የሚያልፍበት ጠፍጣፋ ክዳን) በጣም ሲጠብ ይመጣል። ጠባብ ሳህን ቁርጥራጭ እንዳይወድቅ ይጠቅማል፣ አየር ግን ይከለክላል። ሳህኑን ከምላጩ ራቅ አድርገው በ5 ሚሊ ሜትር መብሻ ስምንት ቦታ ቢበሱት ሁለቱም ይታረቃሉ።

ምላጩንም ይጠርጥሩ። 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት በኢንች 14 ጥርስ ባለው ምላጭ ሲቆረጥ በአንድ ጊዜ 80 የሚያህሉ ጥርሶች እንጨቱ ውስጥ ናቸው፤ በመሀላቸው ያለው ቦታ ወዲያው ይሞላና ሰጋቱራው ዱቄት ሆኖ ይጋገራል። በኢንች 3 ጥርስ ባለው ግን 18 ገደማ ናቸው።

መዘውሩ ላይ ተጋግሯል፣ ምላጩም ይንቀጠቀጣል

እርጥብ ወይም ሙጫ ያለው እንጨት ነው። ሶኬቱን ነቅለው በእንጨት መፋቂያ ይፋቁ፣ አልኮል በነካው ጨርቅ ይጥረጉ። ቤንዚንና ቲነር ጎማውን ስለሚበሉት አይንኩት። እርጥብ እንጨት ከቆረጡ ሳይደርቅ በዚያው ቀን ያጽዱ።

ድሮ ይስብ ነበር፣ አሁን ደከመ

ቱቦውን ከማሽኑ ነቅለው ጫፉ ላይ እጅዎን ይያዙ። በደንብ ከሳበ የተዘጋው ማሽኑ ጋ ነው፤ ረጅም ስንጥር አፉ ላይ ተጋድሞ ሌላውን ይሰበስባል። ካልሳበ ፊልተሩን ያራግፉ፣ ሰጋቱራው የሚጠራቀምበትን ባልዲ ክዳን ጓርኒሲዮን ይዩ። ሳይክሎን (ሰጋቱራውን ፊልተሩ ጋ ሳይደርስ አሽከርክሮ የሚለይ ዕቃ) ካለ ከስሩ የሚገባ ትንሽ አየር እንኳ ሰጋቱራውን መልሶ ወደ ፊልተሩ ይልከዋል። ሽብሽብ ቱቦ አየር ስለሚያደክም ከ2 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

ወለሉ ንጹህ ነው፣ አየሩ ግን ጭጋግ

መብራት አጥፍተው ባትሪ ቢያበሩ የሚንሳፈፈው ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለሳንባ የሚከፋውም ይህ የማይታየው ነው። ደቃቅ የሚያስቀር ፊልተር ይግጠሙ፣ ኤፍኤፍፒ2 የሚባለውን ብናኝ የሚያጣራ ማስክ ያድርጉ፣ ከቆረጡ በኋላ መምጠጫውን ጥቂት ደቂቃ እንደበራ ይተዉት። ማሽኑን በኮምፕሬሰር መንፋት ይቅር።

በዚያው ማሽን ብረት የሚቆርጡ ከሆነ አስቀድመው ሳጥኑን ከሰጋቱራ ያጽዱ፣ ቱቦውንም ይንቀሉት። አንድ የጋለ ብናኝ ባልዲው ውስጥ ገብቶ ሳይታይ ለሰዓታት ሊጤስ ይችላል።